በበጋ የተለካ መሬት

ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ጆን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፈረሙት የድንበር ውል ሲነሣ፣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሦስተኛውን አንቀጽ ነው፤ የጣናንና የዓባይን ውኃ ነገር። አራተኛውን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በዚህ አንቀጽ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ፣ በወንዙ በኩል ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ፣ በጠቅላላው ከ400 ሄክታር የማያልፍ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቀዱ።

ውሉ «ኢታንግ» ቢልም ጣቢያው ኢታንግ ላይ አልቆመም። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ሥራው ሲጀመር ነጋዴውም ሹሙም የሰፈረው ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ፣ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ፣ ጋምቤላ ላይ ነበር። ኢታንግ ክረምት በገባ ቁጥር ባሮ እየወጣ የሚተኛበት ዝቅተኛ ሜዳ ነው። ጋምቤላ ደግሞ ከደጋው ግርጌ ያለች፣ ዳርቻዋ ከፍ ያለ፣ ከጎሬ በበቅሎ ለሚወርደው ቡናም የምትቀርብ ቦታ ናት። አዲስ አበባ ላይ በወረቀት የሰፈረውን ስም መሬቱን የረገጠው ሰው ለወጠው። ዛሬ ኒውላንድ ሰፈር ቡና የሚጠጣው የከተማ ልጅ ከተማው እዚህ የሆነበትን ምክንያት ቢጠይቅ፣ ከመልሱ ውስጥ አንዱ የክረምት ውኃ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ባሮን ሽቅብ እየወጡ ጨውና አቡጀዲ ያመጡ፣ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ወደቡ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም ነበር። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወንዙ ሲሞላ ይከፈት ነበር፤ በጋ ሲሆን አሸዋው ብቅ ይልና ይዘጋ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ያዘው፣ በ1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር ጭምር ተዋግቶ አስለቀቀው፤ በመጨረሻም ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ።

ለመንገድ ሠሪ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። ያኔ ክረምት የሜዳው መንገድ የሚከፈትበት ወቅት ነበር። ዛሬ ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ፣ ወደ ላሬ፣ ወደ ጂካዎና ወደ ዋንትዋ የሚሄደው ሰው በመኪና ነው የሚሄደው፤ ለእሱ ክረምት መንገድ የሚዘጋበት ወቅት ሆኗል። ወንዙ የድሮው ነው። ሜዳውም እንዲሁ። የተለወጠው የምንጓዝበት ነገር ነው፤ እሱ ሲለወጥ ደግሞ ሐሳባችን አብሮ አልተለወጠም። የደጋውን መንገድ የምንሠራበትን ልማድ ይዘን ወደ ቆላው ሜዳ ወረድን።

በደጋ ውኃ ቁልቁል ይሮጣል። መንገዱ ሸለቆ ሲያቋርጥ ድልድይ ይቆማል፣ ትንሽ ፈፋ ሲያገኝ ቱቦ ይቀበራል፣ በቃ። ወንዙ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ውኃው ሌላ ቦታ አይሄድም። ብርብርና ገባ ተገናኝተው የሚፈጥሩት ባሮም ከኢሉባቦርና ከወለጋ ተራሮች እስኪወርድ ድረስ እንደዚያው ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር አካባቢ። ከጋምቤላ እስከ ደቡብ ሱዳን ድንበር ያለው ሜዳ ግን በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር እንኳ አይወርድም። እዚያ ሲደርስ ወንዙ ጉልበቱን ያጣና ይሰፋል። ከኢታንግ ወዲያ አዱራ የሚባለው ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ዞሮ ይገናኘዋል። ሙላቱ ሲበዛ ከዳርቻው ፈስሶ ወደ ሰሜን እስከ ደቡብ ሱዳኑ ማቻር ረግረግ ይደርሳል። በነሐሴ «ወንዙ የት ነው?» ለሚል ሰው በጣት ጠቁሞ ማሳየት ያስቸግራል፤ ሜዳው ሁሉ ወንዝ ሆኗልና።

እንዲህ ያለውን መሬት የሚመስለው የባሕር ዳርቻ ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የላትም፤ ስለዚህ የባሕር ዳር መንገድና ድልድይ ነድፎ የሚያስተምር መጽሐፍ ለእኛ የማይመለከት ይመስላል። ጨውን ብቻ ከተውነው ግን ጋምቤላን እንደዚያ መጽሐፍ አድርጎ የሚገልጻት የለም። በባሕር ዳር ውኃ ከሁለት በኩል ይመጣል፤ ሲገፋ ወደ የብስ፣ ሲሸሽ ወደ ባሕር። በጋምቤላ ሜዳም ወንዙ ሲሞላ ውኃው ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ጥቅምት ላይ ሲጎድል ከሜዳው ወደ ወንዙ ይመለሳል። ስለዚህ የመንገዱ ሙሌት አንድ ጎኑ ብቻ በድንጋይ ቢለበስ ግማሽ ሥራ ነው። እንዲያውም ክፉው ጊዜ ሲጎድል ያለው ነው። ለሳምንታት ውኃ የጠጣ የአፈር ሙሌት ውጭውን ደግፎ የያዘው ውኃ ቶሎ ሲሸሽበት፣ ውስጡ ያለው ውኃ ክብደቱን እንደያዘ ይቀርና ጎኑ ይንሸራተታል። ክረምቱን ሙሉ ችሎ የቆመ መንገድ ከመስቀል በኋላ ሲናድ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋሱም አለ። በሰፊው በተኛ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገድ ይፈጠራል። ቁመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ሞገድም ቢሆን ቀንና ሌሊት የሙሌቱን ጎን ሲልስ ከርሞ ትከሻውን ይበላዋል። ድንጋይ ብቻ መደርደሩ አይበቃም፤ ከድንጋዩ ሥር ጠጠር ወይም ማጣሪያ ጨርቅ ካልተነጠፈ አፈሩ በድንጋዮቹ መካከል እየሾለከ ይወጣና ድንጋዩ ባዶ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መንገዱ ራሱ ግድብ መሆኑ ነው። ሜዳውን አቋርጦ ከፍ ብሎ የተሞላ መንገድ፣ በስፋት የሚንሸራሸረውን ውኃ ያግደውና ወደ አንድ የድልድይ አፍ ይሰበስበዋል። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ ቀስ ብሎ ይሄድ የነበረው ውኃ በሠላሳ ሜትር ክፍት ሲጨመቅ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፈጣን ውኃ ደግሞ አልጋውን ይቆፍራል፣ ቁፋሮው የድልድዩ መሠረት ጋ ይደርሳል። ከላይ በኩል ያለው መንደር ያለ ልማዱ ይዋጣል፤ ከታች በኩል ያለው፣ ውኃ ሲሸሽ የሚዘራው እርሻ ደግሞ ውኃ ያጣል። ድልድዩን የሰበረው ወንዙ ነው ይባላል። ለወንዙ ጉልበት የሰጠው ግን ግራና ቀኝ ያለው ሙሌት ነው።

እነዚህን ነገሮች ሌላው ዓለም በብዙ ዋጋ ነው የተማራቸው። መጋቢት 27 ቀን 1979 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ወንዝ ድልድይ ወድቆ 10 ሰው ሞተ። ድልድዩ በፈረንጆቹ 1954 የተከፈተ ነበር። ምክንያቱ የዛገ ብረት ወይም የደከመ ኮንክሪት አልነበረም፤ ምሰሶዎቹ የቆሙበት ጥልቀት የሌለው መሠረት ሥሩ ተቦርብሮ ነው የወደቀው። የሚያስገርመው ድልድዩ በተከፈተ በዓመቱ፣ በ1955፣ የወደቀበት ቀን ከነበረው የሚበልጥ ጎርፍ አሳልፎ መቆሙ ነው። ያ ጎርፍ ግን በምሰሶዎቹ ዙሪያ የተከመረውን መከላከያ ድንጋይ ወስዶት ነበር፣ በሚገባም አልተተካም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሁሉም ከላይ ሆኖ ድልድዩን ሲያየው ደህና ይመስላል፤ ማንም ውኃ ውስጥ ገብቶ እግሩን በወጉ አላየም። ምርመራው ሲያበቃ አሜሪካ በመላ አገሪቱ ያሉ ድልድዮች መሠረታቸው ለጎርፍ ቁፋሮ የተጋለጠ መሆን አለመሆኑ እንዲታይ አዘዘች።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ትልልቅ የባሕር ዳር ድልድዮች ፈረሱ። መስከረም ላይ አይቫን የተባለው አውሎ ነፋስ በፍሎሪዳ የኤስካምቢያ ባሕረ ሰላጤ ድልድይን መታ፤ 58 የድልድዩ ወለሎች ከምሰሶአቸው ላይ ወደቁ። ነሐሴ ላይ ካትሪና መጣችና በኒው ኦርሊንስ አጠገብ በፖንቻርትሬይን ሐይቅ ላይ ያለውን መንታ ድልድይ በዚያው መንገድ አፈራረሰችው። ሁለቱም ቦታ ምሰሶዎቹ ባብዛኛው አልወደቁም። ውኃው ከፍ ብሎ ከወለሉ ሥር ሲደርስ፣ በተሸካሚ አግዳሚዎቹ መካከል የታፈነው አየር ወለሉን አቀለለው፤ ሞገዱ ደግሞ ከሥር እየመታ አነሣው፣ ወደ ጎንም ገፋው። የሚሸከመውን ክብደት ወደ ታች ብቻ አስበው የነደፉት ድልድይ ወደ ላይ ተነቅሎ ሄደ። አዲሱ የፖንቻርትሬይን ድልድይ ሲሠራ ከውኃው በላይ ያለው ከፍታ ከ3 ሜትር ገደማ ወደ 9 ሜትር ወጣ።

ባሮ ላይ እንደዚያ ያለ የባሕር ሞገድ አይመጣም። በደጋ ዝናብ የሚመጣው ሙላት ግን ግንድና ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ያመጣል፤ ይህም ከድልድዩ ወለል ጋር ሲጋጭ፣ ምሰሶዎቹ ላይም ተጠላልፎ ሲከመር ያው ሥራ ይሠራል። ስለዚህ በጋምቤላ ሜዳ ድልድይ የሚነድፍ ሰው ውኃው የሚደርስበትን ከፍታ ብቻ ሳይሆን በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውንም ማስላት አለበት።

ወደ አገራችን ልመለስ። የኢታንግና የጋምቤላ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ መልክ ተደገመ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ሕዝቡ ድንበር እየተሻገረ ወደ ጋምቤላ ጎረፈ። በወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ገባ። ለዚህ ሁሉ ሰው ቶሎ ቦታ መፈለግ ነበረበት፤ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ በባሮ ሜዳ ላይ ያለው ሌችዎር ነበር። በበጋ ሲታይ ሰፊ፣ ደረቅና ለድንበሩ ቅርብ ነው። ወደ 47,000 የሚጠጋ ስደተኛ ሰፈረበት። ነሐሴ ላይ ባሮ ወጣ። መጠለያው አብዛኛው በውኃ ተዋጠ፣ አጠገቡ ያለው ትንሹ የኒፕኒፕ ጣቢያም እንዲሁ። ሰዎቹ በ2007 ዓ.ም. ከፍ ወዳለ መሬት፣ ለጋምቤላ ከተማ ወደሚቀርበው ጀዊ እንዲዛወሩ ተደረገ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በዚያ ጥድፊያ ቦታ የመረጡትን ሰዎች መውቀስ ቀላል ነው፤ ሰው በድንበር ላይ ተሰልፎ ሳለ ክረምት እስኪመጣ ጠብቁና እንይ ማለት አይቻልም። ለመንገድና ለድልድይ ግን እንደዚያ ያለ ሰበብ የለንም። መንገድ ከጥናት እስከ ጨረታ ዓመታት ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ክረምት ደጋግሞ ይመጣል። ችግሩ ሰርቬየሩ የሚሄደው በጋ መሆኑ ነው። መኪናው የሚገባው ያኔ ነው፣ ጂፒኤሱ የሚተከለው ያኔ ነው፣ የአፈር ናሙና የሚወጣው ያኔ ነው። መሐንዲሱ የሚያየው የተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና አቧራ ነው። እዚያ ላይ ቆሞ ደረቱ ድረስ ውኃ እንደሚደርስ ለማመን ብርቱ አእምሮ ይጠይቃል።

ጥቁሩ አፈር ራሱ አንድ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መንገዱን ከላይ ሳይሆን ከሥር ያፈርሰዋል። ተቆርጦ ወጥቶ በተመረጠ አፈርና ጠጠር (ሰሌክት ማቴሪያል) መተካት አለበት። ሜዳው ላይ ግን ድንጋይም ጠጠርም የለም ማለት ይቻላል፤ ከደጋው ግርጌ ተጭኖ ነው የሚመጣው። የመኪናው ምልልስ ዋጋውን ያንረዋል፣ ዋጋው ሲንር ከንድፉ ላይ የሚቀነስ ነገር ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ደግሞ ሰው የማያየው ነው፤ ዋናውን ድልድይ ማንም አይነካም፣ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ሜዳው ላይ የሚያስተነፍሱት ቱቦዎችና ትናንሽ ድልድዮች ግን ከአሥር ወደ አራት ይወርዳሉ። በእኔ ግምት የሜዳ መንገዶችን ዕድሜ የሚያሳጥረው ከሲሚንቶ ጥራት ይልቅ ይህ ቅነሳ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚነገረው የመቶ ዓመት ጎርፍ የሚባለው ነገር ነው። ትልቅ ድልድይ ሲነደፍ በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል የሚባለው ጎርፍ ይወሰዳል። ሰው ይህን ሲሰማ አንዱ ካለፈ ለመቶ ዓመት ዕረፍት ያለ ይመስለዋል። አባባሉ ግን በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። አምሳ ዓመት ሊያገለግል በተሠራ ድልድይ ላይ ያ ጎርፍ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል ሲሰላ ከመቶ 39 ይሆናል። ንድፉ በአምሳ ዓመቱ ጎርፍ ከሆነ ደግሞ ከመቶ 64 ይደርሳል። ስለዚህ ጥያቄው የሚሆነው ጎርፉ ይመጣል ወይ ሳይሆን ሲመጣ ምን ይተርፋል ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ባሮ ከተማውን ጭምር ሲያጥለቀልቅ ያየ የጋምቤላ ነዋሪ ይህን ለማስረዳት ሒሳብ አያስፈልገውም።

መልስ አለ። መንገዱ ሁሉ ከጎርፍ በላይ መሆን የለበትም። ሕክምና፣ ገበያና ድንበር የሚያገናኘው ዋናው መስመር ከፍ ብሎ፣ ክፍቶቹ በዝተው፣ መሠረቱ በፓይል ወርዶ ይሠራ። ቅርንጫፎቹ ዝቅ ብለው በተመረጠ ቦታ ውኃ ከላያቸው እንዲያልፍ ተደርገው ይነደፉ። ሾፌሮች አይሪሽ የሚሉት ዓይነት ማለት ነው፤ ወለሉ ኮንክሪት፣ የታችኛው ጎኑ በደንብ በድንጋይ የታሰረ። የታችኛውን ጎን ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ውኃ መንገድ ላይ ዘሎ ሲያልፍ መፍረስ የሚጀምረው ውኃው ከሚመጣበት ሳይሆን ከሚወድቅበት በኩል ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ለጥቂት ቀናት ይዘጋል፣ ውኃው ሲወርድ ግን እዚያው ይገኛል። ከፍ ብሎ ተሠርቶ የተቆረጠ መንገድ ግን እስከሚቀጥለው በጀት ድረስ ይዘጋል።

መስመር የሚያልፍበትን ቦታ በተመለከተ ደግሞ ሜዳው ላይ የኖሩት ሰዎች ጥናቱን ጨርሰውታል። ኑዌሮች በክረምት የሚከትሙባቸው መንደሮች ያሉት ከሜዳው ትንሽ ከፍ ባሉት አሸዋማ ጉብታዎች ላይ ነው፤ በጋ ሲሆን ከብቶቻቸውን ነድተው ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። አኙዋዎች ውኃው ሸሽቶ በሚተወው የወንዝ ዳር መሬት ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፤ ውኃው የት ድረስ እንደሚመጣና መቼ እንደሚመለስ የማያውቅ ሰው እንዲህ አያርስም። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በፈረንጆቹ 1940 ባሳተመው የኑዌሮች መጽሐፉ የዚህን ወቅታዊ ኑሮ ዝርዝር ጽፎታል። የክረምት መንደሮችን በካርታ ላይ በነጥብ አስቀምጦ ማገናኘት ለመንገድ መስመር ከማንኛውም የሳተላይት ሥዕል የተሻለ መነሻ ይሰጣል። መንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይረዝም ይሆናል።

መዝገቡም አለን። የባሮ ከፍታ ጋምቤላ ላይ መለካት የጀመረው በዚያው በንግድ ጣቢያው ዘመን ነው፤ ከኢትዮጵያ ወንዞች መካከል እንዲህ ረጅም ታሪክ ያለው ልኬት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። በመርከቦቹ ዘመን የተጀመረው ልኬት ለድልድይ ነዳፊ ሀብት ነው። የሚጎድለው ከከተማው ወዲያ፣ ሜዳው ላይ ያለው ነው።

ለዚህ የሚሆን ሥራ ውድ አይደለም። የክልሉ የመንገድ ቢሮም ሆነ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ከኢታንግ እስከ ጂካዎ ባሉት ቀበሌዎች በትምህርት ቤትና በጤና ኬላ ግድግዳዎች ላይ በየክረምቱ ውኃው የደረሰበትን ከፍታ በቀለም ከነዓመተ ምሕረቱ ያስጽፍ። መምህራንና የጤና ሠራተኞች በቦታው አሉ፤ ስልክም ካሜራም አላቸው። የዲዛይን ውል ሲፈረምም አማካሪው ቢያንስ አንድ ጊዜ በነሐሴ፣ በጀልባም ቢሆን፣ መስመሩን ሳያይ ንድፉ እንዳይጸድቅ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይግባበት። በባሮ ላይ የቆሙት ድልድዮች እግርም በየሁለት ዓመቱ በጠላቂ ይታይ፣ አሸዋ የሚወጣበት ቦታም ከምሰሶዎቹ ይራቅ። ጋምቤላ ያለህ አንባቢ ደግሞ የዘንድሮው ውኃ ከቤትህ ግድግዳ ላይ የት እንደደረሰ ሳትፈቅ በፊት ምልክት አድርግበት፤ ነገ የሚመጣው ሰርቬየር በበጋ ነው የሚመጣው፣ ያንን ምልክት አሳየው።